ስለ አንድ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ የተጻፈ የውክፔዲያ ጽሑፍ እንዴት ይሻሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ርዕሳችን ጠባብ ነው፦ በውክፔዲያ ላይ ያለን የአንድ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ጽሑፍ አንባቢ ሊያምነው በሚችልበት ደረጃ ማስተካከል። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የማመጣው ከሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ነው። ጣቢያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ደግሞም የኢትዮጵያ የግል ኤፍ ኤም ሬዲዮ ሲጀመር ከነበሩት አንዱ ስለሆነ፣ አንድ አርታዒ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ የሚገጥሙት ወጥመዶች ሁሉ እሱ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ።

ስለ ሬዲዮ ጣቢያ የሚጻፉ ገጾች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጣቢያው በአገራችን ፈር ቀዳጅ፣ በሚሊዮኖች የሚደመጥ፣ ጥራት ያላቸውን ዝግጅቶች በቀን ለ24 ሰዓት ለውድ አድማጮቹ የሚያደርስ ቁጥር አንድ የመረጃና የመዝናኛ ምንጭ ነው።» እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እየቆረጥን እንየው። «ፈር ቀዳጅ» የተባለው በምን እንደሆነ አልተነገረም። «በሚሊዮኖች» ከተባለ ማን ቆጠረ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ከተማ? «ጥራት ያላቸው» ፍርድ ነው፤ ፈራጁ ግን አልተጠቀሰም። «ውድ አድማጮቹ» ከስቱዲዮ ሰላምታ የተወሰደ ነው። «ቁጥር አንድ» የማስታወቂያ ሽያጭ ክፍል አነጋገር ነው። ሊረጋገጥ የሚችለው «በቀን ለ24 ሰዓት» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ካልተጻፈ ግማሽ መረጃ ነው። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶም ጣቢያው የት ከተማ እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተጀመረ አላወቀም።

አሁን ይህን አንብቡ፦ «ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከአዲስ አበባ የሚሠራጭ፣ በግል ባለቤትነት የተያዘ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ፈቃዱን በ1998 ዓ.ም. አግኝቶ በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሯል።» ማሞገሻ ቃል የለበትም፤ ግን ከተማ፣ ሞገድ፣ የባለቤትነት ዓይነትና ሁለት ዓመተ ምሕረት ይዟል። እያንዳንዱም ምንጭ ሊቀርብበት ይችላል። ጣቢያን ማክበር ማለት ይህ ይመስለኛል። ለኢትዮጵያ ሬዲዮ ያደረገው አስተዋጽኦ ካለ፣ ቅጽል ሳይሆን ማስረጃ ይገባዋል።

ሥራው የሚጀመረው ታዲያ ከማረም አይደለም፤ ከመሰብሰብ ነው። ገጹን ሳትነኩ በፊት ምንጮቻችሁን በአንድ ሰነድ ላይ ደርድሩ። ለጣቢያ ጽሑፍ የሚሆኑ ምንጮች ዋጋቸው እኩል አይደለም። ሕግና ፈቃድን በሚመለከት ነጋሪት ጋዜጣና የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሰነድ ይቀድማሉ። ጣቢያው ምን ሠራ፣ ሰው እንዴት ተቀበለው ለሚለው ደግሞ በወቅቱ የታተሙ ጋዜጦች ይሻላሉ፤ ሪፖርተር፣ አዲስ አድማስ፣ አዲስ ዘመን፣ በእንግሊዝኛ የሚታተሙት ፎርቹንና ካፒታልም ጭምር። በዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች ብዙ ዝርዝር ይይዛሉ፤ ግን ጥናቱ ራሱ ከጣቢያው ድረ ገጽ የገለበጠው ሊሆን ስለሚችል የግርጌ ማስታወሻውን ሳታዩ አትጥቀሱ። የጣቢያው የራሱ ድረ ገጽና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ መጨረሻ ይመጣሉ። ጨርሶ አይጠቅሙም ማለት አይደለም፤ አድራሻን፣ የሥራ አስኪያጅ ስምን፣ የዝግጅት ሰዓትን ለመሰለ ተራና አከራካሪ ያልሆነ መረጃ ይበቃሉ። «የመጀመሪያው»፣ «ትልቁ»፣ «ተወዳጁ» ለሚሉት ግን አይበቁም።

ውክፔዲያ አንድ ጣቢያ የራሱ ገጽ እንዲኖረው የሚፈልገው ከጣቢያው ነጻ የሆኑ አስተማማኝ ምንጮች በበቂ ሁኔታ ሲጽፉበት ነው። ፈቃድ መያዙ ብቻውን አይበቃም። አንድ ጋዜጣ የጣቢያውን መግለጫ እንዳለ ካወጣው ነጻ ምንጭ አይደለም። ይህን የምታውቁት ሁለት ጋዜጦችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታነቡ ነው፦ አንቀጹ ቃል በቃል አንድ ከሆነ ሁለቱም የቀዱት ከአንድ መግለጫ ነው፤ እንደ ሁለት ምንጭ አይቆጠሩም።

የኢንተርኔት ጽሑፍ ሲሆን አገናኙን ከመለጠፋችሁ በፊት የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያቆየው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ቅጂውን አስቀምጡ። የአማርኛ የዜና ድረ ገጾች ገጽታቸውን ሲቀይሩ የቆዩ አገናኞቻቸው ወዲያው ይሞታሉ፤ ዛሬ የሚሠራው አገናኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ባዶ ገጽ ይከፍታል። በማጣቀሻው ውስጥ የጸሐፊው ስም፣ የጽሑፉ ርዕስ፣ የጋዜጣው ስም፣ የታተመበት ቀን፣ እናንተ ያያችሁበት ቀንና የአርካይቩ አገናኝ ይግቡ። ምንጭ ኢንተርኔት ላይ መኖር አለበት የሚል ደንብም የለም። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሄዳችሁ በወረቀት ያነበባችሁት ጋዜጣ፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ ቁጥሩንና ገጹን እስከጻፋችሁ ድረስ ሙሉ ምንጭ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የታተሙ የአማርኛ ጋዜጦች ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ስለሌሉ፣ ስለ ግል ኤፍ ኤም አጀማመር የሚጽፍ ሰው ከወረቀት ማምለጥ አይችልም።

ትንሽ ዘግየት ብዬ የምነጋገርበት የቀን ጉዳይ ነው፤ በኢትዮጵያ ጣቢያዎች ጽሑፍ ላይ ብዙ ስሕተት የሚገባው በዚህ በኩል ነውና። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥርጭት የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2000 ማለት ነው። ሸገር የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ያ ደግሞ በአውሮፓውያን 2007 እና 2008 መካከል ይውላል። አንድ ምንጭ «በ2000» ብሎ ቢያልፍ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ያላስተዋለ አርታዒ ሁለቱን ጣቢያዎች በአንድ ዓመት አስጀምሮ ቁጭ ይላል። በሕጎቹም እንዲሁ ነው። ለግል ብሮድካስት በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 178/1991 በእንግሊዝኛ ሰነዶች 178/1999 ተብሎ ይጠቀሳል። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር ደግሞ በአማርኛ 533/1999፣ በእንግሊዝኛ 533/2007 ነው። «የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ» የሚል ምንጭ ስታገኙ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በአዋጁ ቁጥር ካልሆነ በምንም አታውቁትም። ስለዚህ የአዋጁን ቁጥር ከዓመቱ አትነጥሉት፣ በዓመቱም ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትጨምሩ አትለፉ።

ከዓ.ም. ወደ እ.ኤ.አ. ለመቀየር ስሌቱ ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ድንበሩ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። 2000 ዓ.ም. ከእንዲህ ዓይነቶቹ ዓመታት አንዱ ነው፦ መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር፤ ስለዚህ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ታኅሣሥ 22 ላይ ወደቀ። ወሩን የሚያሳይ ምንጭ ከሌላችሁ «2000 ዓ.ም.»ን በደፈናው «2007 እ.ኤ.አ.» ብላችሁ አትቀይሩት፤ «2007/08» ብላችሁ ተዉት። በትክክል የማይታወቅን ቀን በትክክል እንደሚታወቅ አስመስሎ መጻፍ ከባዶ ቦታ የባሰ ነው፤ ሌሎች ገጾች ይቀዱታል፣ ጋዜጣም ከውክፔዲያ ይቀዳዋል፣ ከዚያ የጋዜጣው ጽሑፍ ምንጭ ሆኖ ተመልሶ ይመጣል።

የሰዓት አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። አማርኛው «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲል እንግሊዝኛው 9 ሰዓት ማለት አለበት። ይህ ቀላል ነው። የሚያሳስተው ሌሊቱ ነው፦ «ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ገጽ የሚያሻግር ሰው፣ ምሽቱን ተከትሎ የመጣውን ሌሊት ማለቱ ከሆነ፣ ቀኑን እሑድ ማድረግ ይኖርበታል።

ደግሞ «ተመሠረተ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። ጣቢያ ቢያንስ አራት ልደት አለው፦ ድርጅቱ የተመዘገበበት፣ ፈቃድ ያገኘበት፣ የሙከራ ሥርጭት የጀመረበት፣ መደበኛ ሥርጭት የጀመረበት። በ2006 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ያገኙት ሁለት የግል ድርጅቶች የሸገርና በ90.7 ላይ የነበረው የዛሚ ባለቤቶች ናቸው፤ አየር ላይ የወጡት ግን ቆይተው ነው። አንዱ ምንጭ ፈቃዱን፣ ሌላው ሥርጭቱን ይዞ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ሲጽፉ አርታዒዎች «የትኛው ነው ትክክል?» ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመረጃ ሳጥኑ፣ ማለትም በገጹ ጎን ባለው አጭር የዝርዝር ሠንጠረዥ፣ ውስጥ «ሥርጭት የጀመረበት» በሚለው ረድፍ መደበኛው የሥርጭት ቀን ይግባ፤ ሌሎቹ በታሪክ ክፍሉ ውስጥ በየስማቸው ይጻፉ። ፈቃድ ሰጪውንም በጊዜው በነበረው ስሙ ጥሩት። ያኔ የኢትዮጵያ ብሮድካስት ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ኋላ የኢትዮጵያ ብሮድካስት ባለሥልጣን፣ ከአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ወዲህ ደግሞ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሆኗል። የ1998ቱን ፈቃድ የአሁኑ ባለሥልጣን ሰጠ ብሎ መጻፍ ታሪክን ማዛባት ነው።

«የመጀመሪያው» ወደሚለው ቃል እንምጣ። ስለ ሸገር «የመጀመሪያው የግል ሬዲዮ» ተብሎ ሲጻፍ ታያላችሁ። ይህ ከመጽደቁ በፊት መመዘን ያለበት ብዙ ነገር አለ። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ሥርጭት የጀመረው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ እስከወረሰበት እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በአጭር ሞገድ ለብዙ አገሮች ያሠራጭ ነበር። የመንግሥት አልነበረም፤ የንግድም አልነበረም። ሬዲዮ ፋና በ1987 ዓ.ም. ሲጀምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ባለቤትነቱ ከገዥው ፓርቲ ጋር የተያያዘ ስለነበር ግን ብዙ ጸሐፊዎች «የግል» ከሚለው አያስገቡትም። ስለዚህ ሦስት ገዳቢ ቃላት ያስፈልጋሉ፦ የግል፣ የንግድ፣ በኤፍ ኤም። ሦስቱ ተሟልተውም ሸገርና ዛሚ ፈቃድ ያገኙት አብረው ስለሆነ «የመጀመሪያው» በፈቃድ ነው ወይስ በሥርጭት የሚለው ይቀራል። ቀንን የሚያሳይ ነጻ ምንጭ ካላችሁ ያንኑ ጻፉ። ከሌላችሁ «ከመጀመሪያዎቹ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አንዱ» በሉ። ይህ አባባል ጣቢያውን አያሳንሰውም፤ ማንም ሊያፈርሰውም አይችልም።

ሞገድም ስም አይደለም። በ90.7 ላይ በመጀመሪያ ዛሚ ነበር፤ ኋላ አዋሽ የተባለ ጣቢያ በዚያው ሞገድ መጣ። የአንዱን ታሪክ ወደ ሌላው ገጽ መገልበጥ ስሕተት ነው፤ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። 102.1 በቶሮንቶም ሌላ ጣቢያ አለው። «ሸገር» ብቻ ብሎ ርዕስ መስጠትም አይሆንም፤ የከተማው ቅጽል ስም ነው፣ አውቶቡስ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ፓርክ አለ፣ አሁን ደግሞ በኦሮሚያ ሸገር ከተማ አለ። የገጹ ርዕስ «ሸገር ኤፍ ኤም 102.1» ይሁንና፣ ሰዎች በሚጽፉባቸው ሌሎች አጻጻፎች ማለትም «ሸገር ኤፍኤም»፣ «ሸገር ኤፍ.ኤም.»፣ «ሸገር ሬዲዮ»፣ «ሸገር ራዲዮ» ፈላጊውን ወደዚሁ ገጽ የሚወስድ መምሪያ መንገድ ይሠራላቸው። በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ትልቅ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ በየጸሐፊው ስለሚለዋወጡ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ፈልጎ ያጣዋል፤ ያጣውም ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል። አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት በሁሉም ሞክሼ ፊደላት ፈልጉ።

የቴክኒክ ክፍሉን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ወይ ባዶ ይተወዋል ወይ የሰማውን ቁጥር ይሞላበታል። ሦስት ነገር ከያዛችሁ ይበቃችኋል። አንደኛው መለኪያው ነው። ኤፍ ኤም በሜጋ ኸርዝ፣ መካከለኛ ሞገድ በኪሎ ኸርዝ ይጻፋል፤ በአገራችን የኤፍ ኤም ሞገድ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ነው። ከዚህ ውጪ የሆነ ቁጥር ካያችሁ ወይ ነጥቡ ተሳስቷል ወይ ጣቢያው ኤፍ ኤም አይደለም።

ሁለተኛው ኃይል ነው። አንድ ምንጭ 5 ኪሎ ዋት፣ ሌላው 16 ኪሎ ዋት ሊል ይችላል፤ ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ማሰራጫው መሣሪያ የሚያወጣው ኃይል ነው። ሁለተኛው አንቴናው ኃይሉን ወደ አድማስ አቅጣጫ ሰብስቦ የሚያሠራጨው ውጤታማ ኃይል ነው። 5 ኪሎ ዋት የሚያወጣ መሣሪያ በኬብሉ ላይ 1 ዴሲቤል (የኃይል መጨመርና መቀነስ የሚለካበት አሃድ) ቢያጣና አንቴናው 6 ዴሲቤል ቢጨምርለት፣ የተጣራው ጭማሪ 5 ዴሲቤል ነው፤ ይህም 3.16 እጥፍ ስለሆነ ውጤቱ ወደ 15.8 ኪሎ ዋት ይደርሳል። እንግዲህ በሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩን ስታስገቡ የየትኛው ኃይል እንደሆነ ምንጩ ላይ አረጋግጡ። ምንጩ ካልለየው ቁጥሩን በጽሑፉ ውስጥ «እንደ እገሌ ጋዜጣ ዘገባ» ብላችሁ ተርኩት፤ በሳጥኑ ውስጥ አትትከሉት።

ሦስተኛው ሽፋን ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ ቀጥታ መስመር ተከትሎ ይሄዳል፤ ከአድማስ በታች ላለ ሰው በአግባቡ አይደርስም። የአንቴናውን ከፍታ ከአካባቢው መሬት በላይ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡና በ4.12 አባዙት፤ የሬዲዮ አድማሱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። አንቴናው ከከተማው 800 ሜትር ከፍ ብሎ ተራራ ላይ ቢቆም 116 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አድማጩ አንቴናውን 4 ሜትር ላይ ቢሰቅል 8 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ተራራ በመሐል ከገባ ደግሞ ይቀንሳል። በአንድ ማሰራጫ ብቻ «በመላ አገሪቱ ይደመጣል» ወይም «300 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን ይሸፍናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታዩ በዚህ ስሌት ጠርጥሩት። ስሌቱን ግን ወደ ጽሑፉ አታስገቡት፤ ውክፔዲያ የአርታዒን የራሱን ምርምር አይቀበልም። ስሌቱ የሚጠቅማችሁ የተሻለ ምንጭ መፈለግ እንዳለባችሁ እንዲነግራችሁ ነው። ጣቢያው በክልል ከተሞች ተጨማሪ ማሰራጫ ካለው፣ የእያንዳንዱ ከተማና ሞገድ ከነምንጩ ይዘርዘር። በኢንተርኔት ወይም በሳተላይት መደመጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ «ሽፋን» በሚለው ውስጥ አይደባለቅ።

አሁን ወደ ዝግጅቶቹ። በአብዛኞቹ የጣቢያ ገጾች ላይ ትልቁን ቦታ የያዘው የሳምንቱ የፕሮግራም ሠንጠረዥ ነው። አውጡት። የፕሮግራም ሰዓት በየመንፈቁ ይለዋወጣል፤ ሠንጠረዡን የሚያድስ ሰው ስለሌለ ከዓመት በኋላ የውሸት መረጃ ሆኖ ይቀራል። በምትኩ ነጻ ምንጭ የጻፈባቸውን ዝግጅቶች ብቻ ወስዳችሁ ታሪካቸውን ጻፉ፦ ማን ጀመረው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ይዘት ነበረው፣ ስለ እሱ ምን ተባለ። የሸገርን ጽሑፍ የሚሠራ ሰው መዓዛ ብሩ የሚያዘጋጁትን የጨዋታ እንግዳን፣ የእሸቴ አሰፋን መቆያን ሳያነሳ አያልፍም። «ተወዳጅ ዝግጅት ነው» ብሎ ከማለፍ ግን፣ የጨዋታ እንግዳ ረጅም የሕይወት ታሪክ ቃለ ምልልስ እንደሆነ፣ መቆያ ደግሞ ከታሪክ ማኅደር የተውጣጡ ትረካዎችን እንደሚያቀርብ መግለጽ ለአንባቢ ይጠቅማል። በውጭ ያደገ ልጅ ይህን ሲያነብ ጣቢያው በምን እንደሚታወቅ ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ቃለ ምልልሶች ለሌሎች ገጾች ምንጭ ሆነው ሲጠቀሱ ይታያሉ። ይጠቀሱ፤ ነገር ግን እንግዳው ስለ ራሱ የተናገረው የእንግዳው ቃል ነው። «እንደተናገሩት» የሚል አገባብ ያስፈልገዋል። ማጣቀሻውም የዝግጅቱን ስም፣ የአዘጋጁን ስም፣ ጣቢያውን፣ የተላለፈበትን ቀንና ንግግሩ የሚገኝበትን ደቂቃ ይያዝ። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ድምፅ ያለ ደቂቃ መጥቀስ መጽሐፍን ያለ ገጽ እንደ መጥቀስ ነው።

ብዙ የሚሳሳቱበት ሌላው ነገር የተባባሪ አዘጋጆች ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ላይ ከምትሰሟቸው ዝግጅቶች ብዙዎቹ ጣቢያው ራሱ የሚሠራቸው አይደሉም። ተባባሪ አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ የራሱን ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ ዝግጅቱን ይዞ ይቀርባል። ውሉ ሲያልቅ ወይም ዋጋ ሲጨምር ዝግጅቱ ስሙን ይዞ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ የስፖርት ዝግጅት በሦስት ጣቢያዎች ገጽ ላይ «የጣቢያችን ዝግጅት» ተብሎ ተጽፎ ብታገኙት አትደነቁ። መፍትሔው ዝግጅቱን ከነዘመኑ መጻፍ ነው፦ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በጣቢያው ተላልፏል»። ዝግጅቱ በራሱ በቂ ነጻ ምንጭ ካለው የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ከጣቢያዎቹ ገጾች አገናኝ ይምጣለት። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ያሉ የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅቶችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ከአካባቢው ጣቢያ ሰዓት ገዝተው የሚሠሩ ናቸው። እነዚህን «ሬዲዮ ጣቢያ» ብሎ መመደብ ስሕተት ነው። ለአሜሪካ ጣቢያዎች አንድ ምቾት አለ፦ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የእያንዳንዱን ጣቢያ ፈቃድ፣ ባለቤት፣ ኃይልና የአንቴና ቦታ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። ሰዓት የገዛውንና ፈቃድ የያዘውን ለመለየት እዚያ መግባት ይበቃል።

ስለ አድማጭ ብዛት አጭር ነው። ጥናቱን ያካሄደው፣ ዓመቱ፣ ከተማውና የተጠየቀው ሰው ብዛት ካልተጻፈ ቁጥሩን አታስገቡ። «በሳምንት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» ያሉ ሰዎች መቶኛና ጣቢያው ከጠቅላላው የማድመጥ ሰዓት የያዘው ድርሻ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ10 ሰው 6ቱ በሳምንት አንዴ የሚከፍቱት ጣቢያ፣ የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ከሆነ፣ ከማድመጫ ሰዓቱ ትንሽ ቁራሽ ብቻ ሊይዝ ይችላል። ጣቢያው ትልቁን ቁጥር መርጦ ይናገራል፤ አርታዒው የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

ጣቢያው ክስ፣ ማስጠንቀቂያ ወይም ቅሬታ ገጥሞት ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ውዝግቦች» የሚል ክፍል አትክፈቱ። እንዲህ ያለ ክፍል የተነቀፈውን ሁሉ የሚሰበስብ ዕቃ ቤት ይሆናል። ነገሩ በተከሰተበት ዓመት በታሪኩ ውስጥ ይግባ፤ የጣቢያው መልስም አብሮ ይጻፍ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚጻፍ ነቀፌታ ደግሞ ጠንካራ ምንጭ ከሌለው ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያው ይነሣል፤ ይህ የውክፔዲያ ደንብ ነው።

ምስልን በተመለከተ፣ የጣቢያውን አርማ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ የነጻ ምስሎች ማከማቻ ወደሆነው ውክሚዲያ ኮመንስ አትጫኑ፤ ባለመብቱ በግልጽ ፈቃድ ካልለቀቀው ይሰረዛል። ራሳችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ፣ በፈቃድ ያነሳችሁትን የስቱዲዮ ማደባለቂያ ሰሌዳ ለምሳሌ፣ ሌሎች እንዲጠቀሙበት በሚፈቅደው በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ልትለቁት ትችላላችሁ። ከጣቢያው «ስለ እኛ» ገጽ የተገለበጠ ጽሑፍም በተመሳሳይ ምክንያት ይጠፋል፤ ባለቤቱ ጣቢያው ቢሆንም እንኳ።

ከመካከላችሁ በሬዲዮ ጣቢያ የምትሠሩ ትኖራላችሁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ገጽ በቀጥታ አታርሙ። በክፍያ የሚጻፍ ከሆነ አሠሪውንና ደንበኛውን ማሳወቅ በውክሚዲያ የአጠቃቀም ውል ግዴታ ነው፤ የጣቢያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛም በደመወዙ ውስጥ ስለሚሠራው እንደ ተከፋይ ይቆጠራል። የእናንተ መንገድ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር የተያያዘው የውይይት ገጽ ነው። እዚያ «ገጹ ይስተካከል» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይነካውም። እንዲህ ጻፉት፦ «የዚህ ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። በታሪክ ክፍሉ ሁለተኛ አንቀጽ የሥርጭት መነሻው ዓመት ከፈቃዱ ዓመት ጋር ተቀላቅሏል። እንዲህ ይነበብ፤ ምንጩ ይህ ጋዜጣ ነው፤ ቀኑ፣ ቁጥሩና ገጹ ይኸው።» በደቂቃዎች የሚረጋገጥ ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል። ከሁሉ ይልቅ የምትጠቅሙት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው፦ ስለ ጣቢያችሁ በወረቀት የወጡ የቆዩ ዘገባዎችን ዝርዝር በውይይት ገጹ ላይ አስቀምጡ። ጣቢያዎች የጋዜጣ ቁራጭ በፋይል ያስቀምጣሉ፤ አርታዒዎች ያንን የሚያገኙበት ሌላ መንገድ የለም።

ወደ ማረሙ ስትገቡ ገጹን በአንድ ጊዜ ገልብጣችሁ አዲስ አትጻፉ። የአማርኛ ውክፔዲያ 15 ሺህ አካባቢ ጽሑፎች ያሉት፣ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ ሥራ ነው፤ የሚከታተሉት ሰዎች አንድ ትልቅ ለውጥ ሲያዩ ጥፋት መሆኑንና መሻሻል መሆኑን ለመለየት ጊዜ የላቸውም። በመጀመሪያ ምንጭ የሌላቸውን ማሞገሻዎች አንሡና ለውጡን ስታስቀምጡ በሚሞላው የማጠቃለያ ሳጥን ላይ ምክንያቱን ጻፉ። ቀጥሎ ቀኖቹን ከነምንጫቸው አስተካክሉ። ከዚያ የመረጃ ሳጥኑን ሙሉ፤ ባዶ የቀረ ረድፍ ነውር የለበትም። ዝግጅቶቹን ሥሩ። መግቢያውን በመጨረሻ ጻፉት፤ መግቢያ የአካሉ አጭር መልክ ስለሆነ አካሉ ሳይኖር መግቢያ የለም። መደቦቹን፣ እንዲሁም የሁሉም ቋንቋ ገጾች በሚያያዙበት በውክዳታ ላይ ያለውን የሌሎች ቋንቋዎች ማያያዣ አረጋግጡ።

«አሁን»፣ «በአሁኑ ጊዜ»፣ «በቅርቡ» የሚሉትን ቃላት ከገጹ ፈልጋችሁ አውጡ፤ በምትካቸው «እስከዚህ ዓመት ድረስ» የሚል ይግባ። ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር፣ ባለቤትነቱ ሲተላለፍ፣ ዓመተ ምሕረት ያለው ዓረፍተ ነገር ያረጃል እንጂ ውሸት አይሆንም።

ያላገኛችሁትን ነገር ደግሞ በውይይት ገጹ ላይ በቀን አስፍሩ፦ የሙከራ ሥርጭቱ ቀን አልተገኘም፤ የእነዚህ ወራት የሪፖርተርና የአዲስ አድማስ ዕትሞች ታይተዋል፣ የአዲስ ዘመን ግን አልታየም፤ የማሰራጫው ኃይል በሁለት ምንጮች ይለያያል፣ ምንጮቹም እነዚህ ናቸው። የሚቀጥለው አርታዒ ወመዘክር ሲሄድ የትኛውን ጥራዝ ማስወጣት እንዳለበት ከዚያ ያገኘዋል።